ዜሮ ሲገባ የሚቆም ፕሮግራም ለጉኑኖ አይሆንም

ኮዲንግ የጀመረ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ መልመጃ ይገጥመዋል። ተጠቃሚው ቁጥር እያከታተለ ያስገባል፣ ፕሮግራሙ እየተቀበለ ይደምራል፣ ተጠቃሚው ዜሮ ሲያስገባ ደግሞ ያቆምና ድምሩን ያሳያል። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ወላይታ ሶዶም መልመጃው ያው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስድስት መስመር ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ላብ ሲገባ 5፣ 10፣ 20 ያስገባል፣ 35 ይወጣለታል። ክፍሉ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።

ቶሎ የሚታለፈው ቀላል ስለሚመስል ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ዕድሜ ልኩን የሚታገላቸው ጥያቄዎች ግን ከሞላ ጎደል እነዚያ ስድስት መስመሮች ውስጥ አሉ። ከየት ይጀመራል? መቼ ይቆማል? የማይደመረው የቱ ነው? ምንም ሳይገባ ቢቀርስ? ተማሪው እነዚህን ጥያቄዎች ሳያያቸው የሚያልፈው የተሰጡት ቁጥሮች የማንም፣ የምንም ስላልሆኑ ነው። 5፣ 10 እና 20 ብር አይደሉም፣ ኩንታል አይደሉም፤ ድምራቸው ቢሳሳት የሚከፋው ሰው የለም። ልኩ የታወቀ፣ ባለቤት ያለው ቁጥር ሲሰጠው ግን ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ የሚሆን መዝገብ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ወላይታ ውስጥ ጉኑኖ አለ።

ጉኑኖ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ሰው የበዛበት፣ ማሳው የጠበበ፣ እንሰቱ ከደጅ የማይጠፋ የወላይታ ወይና ደጋ ነው። የአፈርና የውኃ ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የሚነሳው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር አንድ ላይ ሆነው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። ሥራውን ያደራጁት ሐንስ ሁርኒ የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ የጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ። ወሎ ላይ ማይባር፣ ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ላይ አንጀኒ፣ ሐረርጌ ላይ ሁንዴ ላፍቶ፣ ኢሉባቦር ላይ ዲዚ፣ ኤርትራ ላይ አፍደዩ ተመረጡ። ያኔ ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ይባል ከነበረው ደግሞ ጉኑኖ ተመረጠች።

ዘመኑ በእህል ለሥራ ፕሮግራም በየተራራው እርከን የሚሠራበት ነበር። እርከኑ ይሠራል፤ ስንት አፈር እንዳዳነ ግን በቁጥር የሚናገር አልነበረም። ጣቢያዎቹ የተቋቋሙት ለዚህ ነው። ተዳፋት ማሳ ላይ 30 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ መሬት ይከለላል፤ ከታች በኩል ገንዳ ይቀመጣል። ሲዘንብ ከክልሉ የወረደው ውኃ አፈሩን ይዞ ገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል። መጠኑ ይለካል፣ ከውስጡ ናሙና ይቀዳል፣ ናሙናው ይደርቃል፣ ይመዘናል። ከአጠገቡ የዝናብ መለኪያ አለ። ዝናቡ እየተለካ ንባቡ በሚሊሜትር፣ እስከ አሥረኛው ድረስ፣ ከነቀኑ ይመዘገባል።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ክልሉ 180 ካሬ ሜትር ስለሆነ በአንድ ቀን 30.5 ሚሊሜትር ቢዘንብ 5,490 ሊትር ወረደበት ማለት ነው፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር ወደ 275 ጀሪካን። ጉኑኖ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊሜትር ይዘንብባታል። ይህ ዓመታዊ ቁጥር ከሰማይ እንዳለ አልወረደም፤ የ365 ንባቦች ድምር ነው። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዜሮ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ሳምንት ንባብ 12.4፣ 0፣ 7.1፣ 0፣ 0፣ 30.5፣ 2.0 ነው እንበል። ድምሩ 52 ሚሊሜትር ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ግን ዜሮ ሲያይ እንዲያቆም ስለተነገረው ሁለተኛው ቀን ላይ ይቆማል፤ መልሱ 12.4 ይሆናል። ቀይ ጽሑፍ አይወጣም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙ ሥራውን በአግባቡ እንደጨረሰ ሰው ኮራ ብሎ መልሱን ያሳያል። ለፕሮግራሙ ዜሮ ማለት «በቃኝ» ነው። ለጉኑኖ ገበሬ ግን ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው፤ በቆሎው ለስንት ቀን ዝናብ እንዳላገኘ የሚታወቀውም ከዚያ ነው። የማቆሚያው ምልክት እውነተኛ ንባብ ሊሆን ከማይችል ቁጥር መመረጥ አለበት። ዝናብ ከዜሮ በታች ስለማይሆን −1 ይሠራል፦

ድምር = 0
ዝናብ = አስገባ
ዝናብ −1 እስካልሆነ ድረስ ድገም፦
— ድምር = ድምር + ዝናብ
— ዝናብ = አስገባ
ድምርን አሳይ

«አስገባ» ሁለት ጊዜ መጻፉ ጀማሪን ሁሉ ግራ ያጋባል። ሰው በተፈጥሮው ቁጥሩን ተቀብሎ ይደምራል፣ እንደገና ተቀብሎ ይደምራል። ይህ አጻጻፍ ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ሉፑ (የሚደገመው ክፍል) ሳይጀመር ተቀብሎ፣ ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ መደመርን፣ ቀጣዩን ቁጥር ደግሞ ከመደመር በኋላ መቀበልን ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉን «አስተካክላለሁ» ብሎ መቀበሉን ከመደመሩ በፊት ያመጣ ተማሪ 12.4ን ይጥልና −1ን ይደምራል። ድምር ዜሮ መሆኑን የሚናገረውን መስመር ሉፑ ውስጥ ያስገባ ደግሞ በየዙሩ የተጠራቀመውን ያጠፋል፤ በመጨረሻ የሚያገኘው የመጨረሻውን ቀን 2.0 ብቻ ነው። አንዱም ስሕተት ፕሮግራሙን አያስቆመውም።

ይህ የኢትዮጵያ ተማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስል፣ አሜሪካ ውስጥም የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 የዬል ዩኒቨርሲቲው ኤሊየት ሶሎዌይ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ለተማሪዎች የሰጠው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ 99999 እስኪገባ ድረስ ቁጥር ተቀብሎ አማካዩን ማውጣት። በፓስካል ቋንቋ ከጻፉት ጀማሪዎች በትክክል የሠሩት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሉፑ መሐል መውጣት በሚፈቅድ የተሻሻለ ፓስካል የጻፉት ጀማሪዎች 24 በመቶ ደረሱ። በትምህርቱ የገፉት ተማሪዎች እንኳ በተለመደው ፓስካል 69 በመቶ፣ በተሻሻለው 96 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው «ተቀበል፣ አጣራ፣ ደምር» የሚለውን የሰው አካሄድ ቋንቋው መፍቀዱና አለመፍቀዱ ነው።

የሚገርመው፣ ጥያቄው ኋላ ላይ የዝናብ ልብስ ለበሰ። እዚያው ዬል በ1980ዎቹ አጋማሽ ለተማሪዎች ከቀረቡት መልኮቹ በአንዱ ኖኅ መርከቡን መቼ እንደሚያስነሳ ለማወቅ በኒው ሄቨን ከተማ የሚጥለውን ዝናብ መመዝገብ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተር ትምህርት ተመራማሪዎች ዘንድ «የዝናብ ችግር» እየተባለ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 እንኳ ተመራማሪዋ ካቲ ፊስለር እንደገና አንስታዋለች። ኒው ሄቨን በቀልድ የተዋሰችውን ዝናብ ጉኑኖ በዝናብ መለኪያ ለክታዋለች። የእኛ ተማሪ ግን ይህንን ሳያውቅ 5፣ 10፣ 20 ይደምራል።

ከዬሉ ጥናት ለመምህራን የሚወጣ አንድ ነገር አለ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ዋይል ትሩ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ በ«ብሬክ» መውጣትን ይፈቅዳል። «ብሬክ ንጹሕ አጻጻፍ አይደለም» ብለው ነጥብ የሚቀንሱ መምህራን ጥቂት አይደሉም። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው፤ ጀማሪን ከማደናገር ይልቅ በብሬክ እንዲጽፍ መፍቀድ ይሻላል። ንጽሕናው በሁለተኛው ሴሚስተር ይደርሳል።

ወደ ንባቡ እንመለስ፤ 12.4 የምትለው ነጥብ የራሷ ጣጣ አላት። ከኪቦርድ የገባ ነገር ለፓይተን ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ካልቀየሩት «ቁጥርና ጽሑፍ አልደምርም» ብሎ ይቆጣል። ጃቫስክሪፕት አይቆጣም፤ ዜሮ ላይ 12.4 ቀጥሎም 7.1 ሲደመርበት እንደ ጽሑፍ አጣብቆ 012.47.1 ይላል። ብዙ የምህንድስና ተማሪዎቻችን የሚጀምሩበት ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ቁጥሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ኢንት (ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ) ተብሎ ከተከፈተ 12ን ይወስዳል፤ ነጥብ አራቷ ደጅ ላይ ትቀራለች። በቀጣዩ ዙር ነጥቧን ቁጥር ማድረግ ያቅተዋል፣ ንባቡ ይከሽፋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ዜሮ ይቀመጣል፤ ዜሮ ደግሞ −1 ስላልሆነ ሉፑ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። ተማሪው መስኮቱን ዘግቶ «ኮምፒውተሩ ሃንግ አደረገ» ይላል። ኮምፒውተሩ ግን የታዘዘውን እየሠራ ነበር።

አሥረኛው ራሱም አይታመንም። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው በአሥረኛ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ አሥረኛን በትክክል መያዝ አይችልም፤ በሁለትዮሽ አቆጣጠር ማለቂያ የሌለው ክፍልፋይ ይሆንበታል። ፓይተን ላይ 0.1ን አሥር ጊዜ በሉፕ የደመረ ሰው 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ያገኛል። ለአንድ ሳምንት ዝናብ ይህ ምንም አይደለም። ድምሩ ሌሊትና ቀን ሲሠራ ግን ሌላ ነው። የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 1982 የአክሲዮን ዋጋ መለኪያውን (ኢንዴክሱን) ከ1,000 አስጀመረ። ፕሮግራሙ በየግብይቱ ሲያሰላ ከነጥቡ ወዲያ ከሦስተኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ሳያጠጋጋ እየቆረጠ ይጥል ነበር። በኅዳር 1983 መለኪያው 524.811 ላይ ወርዶ ተገኘ፤ በትክክል ሲሰላ 1,098.892 ሆነ። ገበያው ጨምሮ ሳለ ወረቀቱ በግማሽ የወደቀ አስመስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 ዳህራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ የደረሰው ግን ገንዘብ አልነበረም። የፓትሪዮት ሚሳይል መከላከያ ጊዜን በአሥረኛ ሴኮንድ ይቆጥር ነበር፤ አሥረኛዋ በማሽኑ ውስጥ በትንሹ ተቆርጣ ስለተያዘች ከ100 ሰዓት ያህል ሥራ በኋላ ስሌቱ በሴኮንድ ሲሶ ያህል ተዛነፈ። የመጣውን ስከድ ሚሳይል አልመታውም፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

መድኃኒቱን ለጀማሪ መንገር አይከብድም። ዝናቡን በአሥረኛ መቁጠር፣ 12.4ን 124 አድርጎ መደመር፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ለአሥር ማካፈል ነው። ገንዘብም በሳንቲም ይደመራል። እዚህ ላይ አንድ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ሊያውቀው የሚገባ ወሰን አለ፦ በሲ ፕላስ ፕላስ የተለመደው ኢንት ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ በሳንቲም ሲቆጠር 21 ሚሊዮን ከ474 ሺህ ብር ገደማ ነው። ቡና የሚያስረክብ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ይህን በአንድ የገበያ ወቅት ሊያልፈው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ያልተነበበው ቀን ነው። ለካዩ ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ለቅሶ ሄዶ ይሆናል፣ መለኪያው ተደፍቶ ይሆናል። ያ ቀን ዜሮ አይደለም፤ ዘንቦ ሊሆን ይችላልና። የአየር ጠባይ መዝገቦች እንዲህ ያለውን ቀን −999 ወይም −9999 በሚመስል ሊሆን በማይችል ቁጥር መሙላት የተለመደ ነው። ያንን ሳያውቅ ሙሉውን ዓምድ የደመረ ተማሪ ወርኃዊ ዝናቡ ከዜሮ በታች ሲወጣ ይደነግጣል፤ መደንገጡ ጥሩ ነው። ያልተነበበውን ቀን በዜሮ የሞላው ግን አይደነግጥም፤ ወሩን ደረቅ አድርጎት ያልፋል። አማካይ ሲፈለግም የሚካፈለው ለ30 ሳይሆን ለተነበቡት ቀናት ብዛት ነው፤ ስለዚህ ከድምሩ ጎን ሁለተኛ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ወሩን ሙሉ ማንም ካላነበበ ቆጣሪው ዜሮ ይሆናል፤ ለዜሮ ማካፈል ደግሞ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ሁሉም የጀመረው ከስድስት መስመር ነው።

የእኛ የቀን አቆጣጠርም ለዚህ ትምህርት የተሠራ ይመስላል። ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቀድሞ ሲታወቅ «ፎር»፣ ሳይታወቅ «ዋይል» እንደሚመረጥ መምህራን በቃል ያስተምራሉ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት 12 ወራት ሁሉ 30 ቀን ናቸው፤ ለፎር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። አሥራ ሦስተኛዋ መጥታ ታበላሸዋለች። ጳጉሜን 5 ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ግን 6 ናት፤ 2015 እንደዚያ ነበር። የሐምሌን ዝናብ ደምሮ ከጁላይ ድምር ጋር ያነጻጸረ ተማሪም ለምን እንዳልገጠመለት ራሱ ይደርስበታል። ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ነውና ያነጻጸረው ሁለት የተለያዩ ወራትን ነው። የትርፍ ዓመቱን ሕግ ከውጭ መማሪያ የፌብሩዋሪ ምሳሌ ከመሸምደድ ይህ ይቀርባል።

በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ጀመረ፤ ዒላማው በሦስት ዓመት አምስት ሚሊዮን ወጣት በበይነ መረብ ማሠልጠን ነው። ዕድሉ ነጻ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ለጉኑኖ ልጅም በሩ እኩል ተከፍቷል። ሆኖም በበይነ መረብ የሚሰጥ ሥልጠና የሚመዘነው በተሰጠ የምስክር ወረቀት ብዛት ሲሆን፣ እንዲህ ባለ መልመጃ ላይ ሳምንት የሚቆይ ሰው ኋላ የቀረ ይመስላል። ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ የውጭውን መጽሐፍ ከነዶላሩና ከነፋራናይቱ ይገለብጣሉ። በሁለቱ መካከል ተማሪው ሉፕ መጻፍ ይችላል፣ ምን እየደመረ እንደሆነ መጠየቅን ግን አይማርም።

«አሁን ማን ሉፕ ይጽፋል? ፓይተን ሰም የሚባል ዝግጁ ትእዛዝ አለው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፍልሃል» የሚል ክርክር አለ። ግማሹ ልክ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው በእጁ አይደምርም። ነገር ግን ማሽኑ የጉኑኖ ዜሮ እውነተኛ ዜሮ መሆኑን፣ −999 ደግሞ ቁጥር አለመሆኑን የሚያውቀው ሲነገረው ነው። የሚነግረው ሰው አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ አለበት። እሱን ለማወቅ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድምሩን በእጁ አሳስቶ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ዙር በዙር ተከትሎ፣ የት እንደጠፋ ማግኘት ነበረበት።

ስለዚህ ጥያቄው ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክቱ መዝገብ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የውኃና መሬት ሀብት ማዕከል ዘንድ አለ፤ በማስተማሪያነት ለመጠየቅ የሚያግድ ነገር መኖር የለበትም። የአንድ ዓመት ዕለታዊ ንባብ በወረቀት ታትሞ ለክፍሉ ይታደል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ኮምፒውተር ሳይነኩ አንዱን ወር በእጅ መደመር ይሁን። ሁለተኛው ሳምንት ፕሮግራሙ ይጻፍና ከእጁ ድምር ጋር ይመሳከር። ሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ሆን ብሎ ሁለት ቀን ይፋቅና «አሁንስ?» ብሎ ይጠይቅ። በፈተና ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ለወጣው ድምር ብቻ ሳይሆን ተማሪው የመረጠውን የማቆሚያ ምልክት ለምን እንደመረጠ በአንድ መስመር ለጻፈው ምክንያት ጭምር ይሁን።